ራሳቸውን ያወቁት ሥራ አስኪያጅ

አቶ ልዑልሰገድ የተባሉ ሥራ አስኪያጅ ዮጋ ከጀመሩ ወዲህ፣ መሥሪያ ቤታቸው ዓይኑን ሳይጨፍን ሥራ አይጀምርም። ሠራተኛው ጠዋት ጠዋት ጫማውን አውልቆ አዳራሽ ውስጥ ምንጣፍ ላይ እግሩን አጣጥፎ ሲቀመጥ፣ ባለጉዳይ ደጅ ላይ ፀሐይ ይመታዋል።

አንድ ቀን ታዲያ፣ ከተቀጠረ ገና ሦስተኛ ቀኑ የሆነ ዘበኛ አቶ ልዑልሰገድን በር ላይ አስቆመና "ይቅርታ ጌታዬ፣ መታወቂያ?" አላቸው። ያለ መታወቂያ ማንም እንዳይገባ የሚለው ትእዛዝ በእሳቸው ፊርማ በሩ ላይ ተለጥፏል።

"እኔ ማን እንደሆንኩ አታውቅም?" ብለው ጮኹበትና አዳራሽ ድረስ እየነዱ ወስደው ሠራተኛው ፊት አቆሙት። ከዚያ ምንጣፋቸው ላይ ተደላድለው፣ ድምፃቸውን አለስልሰው መስበክ ጀመሩ።

"ልጆቼ፣ ራስን ማወቅ ቀላል አይምሰላችሁ። እኔ ማን እንደሆንኩ የገባኝ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በተመስጦ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።"

ሠራተኛው አጨበጨበ። እሳቸውም ወደ ዘበኛው ዞረው፣ "በል አንተ፣ ለምን እንዳላወቅኸኝ በሰው ፊት ተናገር። መልስህ ካላረካኝ ቆብህን አስረክበህ ትሄዳለህ" አሉት።

ዘበኛው ቆቡን አውልቆ እጅ ነሳ።

"ጌታዬ፣ እርስዎ ከራስዎ ጋር አብረው እየበሉ፣ አብረው እየተኙ፣ ማን እንደሆኑ ለማወቅ ዐሥራ ሁለት ዓመት ፈጀብዎ። እኔ ዛሬ ገና ያየሁዎ ሰው ከየት አምጥቼ ልወቅዎ? በር ላይ ዐሥራ ሁለት ዓመት ተፋጠን ከምንቆም ብዬ እኮ ነው መታወቂያ የጠየቅሁዎ።"