ላሞች የዘጉት ሰማይ

ተረት ተረት ስል «የላም በረት» የሚለኝ ካለ እቆጣለሁ። የዚህ ተረት ላሞች በረት አይገቡም፤ የሚተኙት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ነው።

ይመኙሻል በምዕራብ ጠረፍ፣ ቁንዶ ሜዳ በምትባል ከተማ የምታስተምር ሴት ናት። እናቷ በምሥራቅ ጠረፍ፣ በሐረዋ ታመሙና «ልጄን ሳላይ እንዳልሞት» ብለው ላኩባት። ሁለቱም ከተሞች ማረፊያ አላቸው። ቀጥ ብሎ ለሚበር ሁለት ሰዓት አይሞላም። ግን ቀጥ ብሎ የሚበር ማን አለ? አዲስ አበባ ገብቶ ማደር፣ ከዚያ እንደገና መሳፈር ነው። በመኪናማ ሳምንቱ ያልቃል። ይሁን ብላ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ወደ ማረፊያው ሄደች።

አውሮፕላኑ መጣ፣ ከላይ ዞረ፣ ዞረና ተመልሶ ሄደ። የማረፊያው ኃላፊ ላሞች ተኝተውበት እንዴት ይረፍ፣ ነገ ይሞክራል አላት። አውሮፕላኑ አላርፍም አለ።

እየተናደደች የላሞቹ ባለቤት ሼህ ኑርዬ ዘንድ ሄደች። እሳቸውም ከማረፊያው ዳር ያለው ቦይ ውሃ አቁሯል፣ የመንደሩ ገንዳ ግን ደርቋል፣ የተጠማ ከብት ውሃ ካገኘበት በዱላ አይነሳም አሏት። አውሮፕላኑ አላርፍም አለ፤ ላሞቹ አንነሳም አሉ።

ገንዳው ዘንድ ሄደች። እውነትም ደርቋል፤ ውሃ የሚስበው ሞተር ዝም ብሏል። አውሮፕላኑ አላርፍም አለ፤ ላሞቹ አንነሳም አሉ፤ ገንዳው አልሞላም አለ።

የሞተሩ ሠራተኛ ዓለሙ ጥላ ስር ተጋድሟል። ናፍጣ ከየት ላምጣ፣ ያለው በርሜል የማረፊያው እሳት አደጋ መኪና ሹፌር ጋ ነው አላት። ይህን ለመናገር እንኳ አልተነሳም። አውሮፕላኑ አላርፍም አለ፤ ላሞቹ አንነሳም አሉ፤ ገንዳው አልሞላም አለ፤ ሞተሩ አልዞርም አለ።

ሹፌሩ ጋሽ በዛብህ በርሜሉ ላይ ተቀምጠዋል። ናፍጣው የመኪናው ነው፣ አውሮፕላን ሲያርፍ ዝግጁ መሆን አለብኝ፣ ጠብታ አልሰጥም አሉ። ይኼኔ ደሟ ፈላ።

«ጋሼ፣ አውሮፕላኑ ላሞቹ ካልተነሱ አላርፍም አለ፤ ላሞቹ ገንዳው ካልሞላ አንነሳም አሉ፤ ገንዳው ሞተሩ ካልዞረ አልሞላም አለ፤ ሞተሩ ናፍጣ ካላገኘ አልዞርም አለ። ናፍጣው ላይ እርስዎ ተቀምጠዋል። ለመሆኑ የሚጠብቁት ማንን ነው?»

«አውሮፕላኑን» አሉ ጋሽ በዛብህ። ካሉ በኋላ ራሳቸው ሰሙት።

«እርስዎ እስኪነሱ እናቴ ትሞታለች» አለቻቸው።

ተነሱ። አቀርቅረው ጀሪካን ሞሉላት። ናፍጣው ወጣ፤ ሞተሩ ዞረ፤ ገንዳው ሞላ፤ ላሞቹ ተነሱ፤ በማግስቱ አውሮፕላኑ አረፈ፤ ይመኙሻልም ተሳፈረች። አዲስ አበባ አድራ፣ ሌላ አውሮፕላን ጠብቃ፣ ሐረዋ ገባች።

እናቷ ትራስ ተደግፈው፣ ቅንድባቸውን ቋጥረው ጠበቋት።

«ለዚህች መንገድ ይህን ያህል? ሞት እንኳ ቀድሞሽ መጥቶ ነበር። ልጄን ሳልቆጣ አልሄድም ብዬ መለስኩት» አሏት።

ይመኙሻል ጉልበታቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እሳቸው ግን መቆጣታቸውን አላቆሙም፤ እስኪመሽ ተቆጧት።

ተረቴን መልሱልኝ። አፌን ግን በዳቦ አታብሱት፤ ገና የምናገረው አለኝ።