ለገና የተቀጠረው ዕቃ

ሰው የነገሩትን ትቶ የመሰለውን ይዞ ሲሄድ፣ የሸምበቆ ውሃ ቆላ ሰዎች እየሳቁ የሚተርቱባት አንዲት ተረት አለች። ተረቷን ልጁም ሽማግሌውም ይላታል፤ አንድ በሬ ልታስወስድ ትንሽ ቀርቷት እንደነበር የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ነገሩ የጀመረው መስቀል በዋለ ሰሞን ነው። እምቢያለ የሚባል ገበሬ፣ ስሙን ያወጡለት ወላጆቹ ጠባዩን አስቀድመው ያዩ የሚመስሉ እልኸኛ ሰው፣ አንድ መንገደኛ አሳደረ። እንግዳው መሪጌታ ዘድንግል ይባላሉ፤ በበቅሏቸው ላይ በሸማ የተጠቀለለ ትልቅ ነገር ጭነዋል። ጠዋት ሌላ ቤት ያደሩት የመንገድ ጓደኞቻቸው ወንዙ ሳይሞላባቸው ለመሻገር ሲጣደፉ፣ መሪጌታ ጭነቱን አውርደው ከቤቱ ምሰሶ አስደገፉት።

«ቆዳው ውሃ አይወድም። ስመለስ እወስደዋለሁ፤ አደራህን!» አሉና በቅሏቸው ላይ ወጡ።

እምቢያለ ሸማውን ገለጥ አድርጎ አየ። ከታች በቆዳ የተለበጠ ሳጥን፣ ከሳጥኑ የወጡ ሁለት ረጃጅም እንጨቶች፣ ከላይ አግዳሚ፤ ከአግዳሚው እስከ ሳጥኑ ደግሞ ዐሥር ጅማት የመሰለ ነገር ተወጥሯል። በዚያ ቆላ የሚታወቀው ማሲንቆ ብቻ ነው፤ እሱም ባለ አንድ ጭራ። እምቢያለ ሮጦ ወጣ።

«መሪጌታ! ምንድን ነው ይሄ?»

«በገና!» አሉ መሪጌታ ሳይዞሩ፣ ወደ ወንዙ እየወረዱ።

የእምቢያለ ቀኝ ጆሮ ከባድ ነው፤ ወንዙም ይጮሃል። ቃሉ ከመሪጌታ አፍ ላልቶ ወጣ፤ ከእምቢያለ ጆሮ ጠብቆ ገባ።

«ምን አሉህ?» አለችው ሚስቱ ውድነሽ።

«በገና አሉ። ገና ሲደርስ ይታወቃል ማለታቸው ነው።»

«ምኑ ነው የሚታወቀው?»

«እሱንማ በገና እናየዋለና!»

ወሬው ሲዛመት ጎረቤት ሁሉ ሊያይ መጣ። ሸማኔው ዕቃውን ዞር ዞር ብሎ አየና «ድሩ አለ፤ ማጉ የለም» ብሎ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። አንዱ የዝንጀሮ ወጥመድ ነው ብሎ ማለ። እምቢያለ ለሁሉም መልሱ አንድ ነበር፤ «በገና ታያላችሁ!» ይላል እንደ ባለምሥጢር። እያደር ወገቡን ያመመው ሁሉ «እስቲ ገና ይድረስ» ይል ጀመር።

ነገሩን ያበላሸው ጎረቤቱ ሽባባው ነው። ሽባባው ጎንበስ ብሎ አሸተተው።

«አያ እምቢያለ፣ ይሄ የበግ አንጀት ነው። ተወጥሮ ደርቆ ነው እንጂ ቋንጣ ነው! በገና ያሉህ ለመፈሰኪያ ነው።»

«በጾም አንጀት ከቤቴ!» ብላ ውድነሽ ዕቃውን እየገፋች ከጎታው ጀርባ ደበቀችው። ድመቷም የሽባባውን ሐሳብ ሳትደግፍ አልቀረችም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ከጎታው ሥር አልነቃነቅ አለች።

እምቢያለ ግን ምሥጢሩ ሁሉ ቋንጣ ሲሆንበት ደሙ ፈላ። «መሪጌታን የሚያህል ሰው ቋንጣ በሸማ ጠቅልሎ አይዞርም! ዕቃው ራሱ አንድ ነገር ያደርጋል።»

«ባያደርግስ?» አለ ሽባባው።

«የገና ዕለት ፀሐይ እስክትጠልቅ አንድ ነገር ባያደርግ፣ ቦራን ውሰድ!»

ቦራ እምቢያለ ያለው ብቸኛ በሬ ነው። ከሽባባው በሬ ጋር እያቀናጀ የሚያርሰውም በእሱ ነው። ውድነሽ ጭንቅላቷን ይዛ ቁጭ አለች። እምቢያለንም ወዲያው ቆጨው፤ ነገር ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ገና ደረሰ። በዚያ ዓመት ወደ ገና ጨዋታው ሜዳ የወጣ ሰው አልነበረም፤ ዱላውን የያዘው ሁሉ እምቢያለ ግቢ መጥቶ ተቀመጠ። ዕቃው መሐል ላይ፣ ቁርበት ተነጥፎለት ተቀመጠ። ሰው ዕቃውን ያያል፤ ዕቃው ዝም ብሏል። ሽባባው ቦራን አስቀርቦ፣ ድስት አስጥዶ ይጠብቃል። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል እምቢያለ ወደ ዕቃው ጠጋ ብሎ፣ ሰው እንዳይሰማው በለሆሳስ፣ «እባክህ ወንድሜ፣ በሬዬን ልታስወስድብኝ ነው። ብታነጥስም ይበቃኛል» አለው።

ዕቃው አላነጠሰም።

«በቃ፣ ውሃው ፈልቷል» አለ ሽባባው። የቦራን ገመድ በግራ እጁ እንደያዘ፣ ቢላውን አውጥቶ ሊቆርጠው ወፍራሙን አንጀት ሳብ ሲያደርግ አመለጠው።

ድዝዝዝዝዝዝ!

ቢላው ተወርውሮ ድስቱ ውስጥ ገባ። ድመቷ ጣራ ላይ ወጣች። ሰው አጥር እየጣሰ ተበተነ። ገመዱን ከሽባባው እጅ የቀማችው ውድነሽ ብቻ አልሸሸችም። እምቢያለ ግን ግቢውን በእስክስታ ዞረው። «አደረገ! ጎበዝ፣ አደረገ!»

መሪጌታ የደረሱት ያን ጊዜ ነው። ቢላውንም ድስቱንም አዩ።

«በስመ አብ! አደራዬን ልትቀቅሉት ነበር?»

ዕቃውን እንደ ልጅ አቅፈው ተቀመጡና ይደረድሩ ጀመር። የሸሸው ሰው አንድ በአንድ ተመለሰ፤ ያን የመሰለ ድምፅ በዚያ ቆላ ተሰምቶ አያውቅም። ሽባባው እንባውን በጋቢው እየጠረገ «ተረትቻለሁ» አለ። እምቢያለ ተንበርክኮ የመሪጌታን ጉልበት ሳመ።

«መሪጌታ፣ እንደ ቃልዎ ሆነ! ይኸው በቀኑ ተናገረ።»

«በየትኛው ቀን?»

«ምንድን ነው ብልዎ፣ በገና አላሉኝም?»

«በገና ነዋ!»

«እኮ! ገና ዛሬ አይደል?»

መሪጌታ እጃቸውን ከክሩ ላይ አነሡ። «የኔ ልጅ፣ አላላው እንጂ። በገና የዕቃው ስም ነው!»

ግቢው በሳቅ ሲያውካካ፣ እምቢያለ አንገቱን ደፍቶ መሬቱን በጣቱ ይጭር ጀመር። ውድነሽ ገመዱን ከቦራ ቀንድ ፈታችና ወደ ሰዉ ዞረች።

«ሦስት ወር ሙሉ አንጀቴን ያሳረረው ባሌ ይኸውላችሁ፤ ስሙን ቢነግሩት ቀጠሮ መሰለው!»