የወይዘሮ ዘርትሁን ማንጎ ማድረቂያ

አርባ ምንጭ ውስጥ አንዲት ዘመናዊ ሴት ነበሩ፤ ወይዘሮ ዘርትሁን ይባላሉ። ዘመናዊነታቸው የጀመረው ወንድ ልጃቸው ከአዲስ አበባ የፍራፍሬ ማድረቂያ ማሽን የላከላቸው ዕለት ነው። ከዚያ ወዲህ ማንጎ ቆርቆሮ ላይ የሚያሰጡትን ጎረቤቶቻቸውን «አቧራ በሎች» ይሏቸዋል።

ሴት ልጃቸው ታሪኳ ነፍሰ ጡር ናት። ሦስት ቀን ሙሉ የቀመሰችው ሁሉ እየተመለሰ አስቸገራት። በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ «እማ፣ ደረቅ ማንጎ ቢሆን የሚረጋልኝ ይመስለኛል» አለች።

እናት ማንጎውን ልጠው፣ በስሱ ቆርጠው፣ ሎሚ ውስጥ ነክረው ማሽኑ ውስጥ ደረደሩት። ማሽኑ አልሠራም አለ። ምን ያድርግ፣ ከምሰሶው የሚመጣው የመብራት መስመር ተቃጥሎ ተበጥሷል።

ወደ መብራት ጠጋኙ ወደ ቦጋለ ሄዱ። «ቦጋለ፣ መስመሩን ቀጥልልኝ። መስመሩ ካልተቀጠለ ማሽኑ አይሠራም፤ ማሽኑ ካልሠራ ማንጎው አይደርቅም፤ ማንጎው ካልደረቀ ታሪኳ አትበላም።»

«ምን ችግር አለው እትዬ» አለ ቦጋለ፣ ከመቀመጫው ሳይነሣ። «መሰላሌን ጋሽ ዳንሳ ወሰዱት እንጂ።»

ወደ ጎረቤታቸው ወደ ጋሽ ዳንሳ ሄዱ። «ጋሽ ዳንሳ፣ መሰላሉን ይስጡኝ። መሰላል ከሌለ ቦጋለ አይወጣም፤ ቦጋለ ካልወጣ መስመሩ አይቀጠልም፤ መስመሩ ካልተቀጠለ ማሽኑ አይሠራም፤ ማሽኑ ካልሠራ ማንጎው አይደርቅም፤ ማንጎው ካልደረቀ ታሪኳ አትበላም።»

ጋሽ ዳንሳ በጣም አዘኑ። ማዘን አይከብዳቸውም። «የፈረሰ አጥሬን የዘጋሁት በመሰላሉ ነው። ካነሣሁት የጉዳይነሽ ፍየል ጎመኔን ትጨርሰዋለች።»

ወደ ጉዳይነሽ ሄዱ። «ጉዳይነሽ፣ ፍየልሽን እሰሪ። ፍየሏ ካልታሰረች ጋሽ ዳንሳ መሰላሉን አይሰጡም፤ መሰላል ከሌለ ቦጋለ አይወጣም፤ ቦጋለ ካልወጣ መስመሩ አይቀጠልም፤ መስመሩ ካልተቀጠለ ማሽኑ አይሠራም፤ ማሽኑ ካልሠራ ማንጎው አይደርቅም፤ ማንጎው ካልደረቀ ታሪኳ አትበላም።»

«ማሰሪያ ገመዷ ላይ ልብስ አስጥቻለሁ እኮ፣ እትዬ። ልብሱ ሳይደርቅ እንዴት ልፍታው?»

«መቼ ነው የሚደርቀው?»

«ፀሐይ ስትወጣ።»

ሁለቱም ደመናውን ቀና ብለው አዩ። ጉዳይነሽ ትንሽ አሰበችና፣ «ግን ፀሐይ ከወጣች ማንጎውንም እሷው አታደርቀውም?» አለች።

«እሱ ለእናንተ ነው» አሉ ወይዘሮ ዘርትሁን። «እኔ ማሽን አለኝ።»

እንዲህ ይበሉ እንጂ፣ ታሪኳ ስታስመልስ ከግቢያቸው ተሰማቸው። ፊታቸው ተለወጠ። ገመዱ ላይ የተሰጣውን እርጥብ አንሶላ በሁለት እጃቸው ይዘው ያርገበግቡት ጀመር። ክንዳቸው እስኪዝል አርገበገቡት።

ረፋድ ላይ ፀሐይ ወጣች። ፀሐይዋ ልብሱን አደረቀች፤ ልብሱ ሲነሣ ገመዱ ተፈታ፤ ገመዱ ሲፈታ ፍየሏ ታሰረች፤ ፍየሏ ስትታሰር ጋሽ ዳንሳ መሰላሉን ሰጡ፤ በመሰላሉ ቦጋለ ወጣ፤ ቦጋለ መስመሩን ቀጠለ፤ ማሽኑም ሠራ። ደጅ ፀሐይዋ ድንጋይ ስታቃጥል፣ ማሽኑ ቤት ውስጥ ስምንት ሰዓት ሙሉ እያጉረመረመ ማንጎ አደረቀ። ዘመናዊነት ማለት ይኸው ነው።

ለእራት ደረሰ። ታሪኳ አንድ ቁራጭ በላች፤ ሁለት፤ ሦስት። እናቷ ባልዲ ይዘው አጠገቧ ቆሙ። ጠበቁ። ምንም አልተመለሰም።

«እማ፣ ሌላ አለ?» አለች።

ወይዘሮ ዘርትሁን ባልዲውን አስቀመጡና ሳህኑን በሙሉ አቀረቡላት።