ሥራ ያልነካው ዘፋኝ

ተረቴን ስሙኝ፣ ጆሯችሁን አውሱኝ።

አንዲት ወፍ ነበረች። በልጅነቷ ከበሬ ጀርባ መዥገር ለቀመች፣ ለንቦች ቀፎ ጠበቀች፣ ከጉንዳኖች ጋር እህል ጎተተች። ስታድግ ከዚያ ሁሉ ሥራ የቀዳችውን ዜማ ስታዜም አንበሳ እንኳ ያለቅስ ነበር። እስክታረጅም አዲስ ዜማ አላጣችም።

ልጇን ግን ከጎጆ አላስወጣችውም። «የእኔ ልፋት ይበቃል፤ አንተ ዝፈን ብቻ» አለችው።

እናቱ ስትሞት በቦታዋ ቆሞ ዘፈነ። በሬው አዳመጠውና፣ «ይህ የእናትህ ነው። እስቲ የራስህን አሰማን» አለው።

ልጁ አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። «እባክህ ሥራ ስጠኝ» ብሎ ለመነው።

በሬውም፣ «ሥራ የሚለመደው በጫጩትነት ነው፤ አንተማ ጊዜው አልፎብሃል» ብሎት ሄደ።

ወፉ ጎጆው ገብቶ፣ የሳሳችለትን እናቱን ሲረግም ዋለ።

ተረቴን ወስዳችኋል፣ ምርቃቱን አትንፈጉኝ።