ድንጋዩ ያልወረደለት ሰው

«አንድ ሰው ነበረ፤ ሰው ገድሎ ነበር» አሉ እማሆይ።

ስመኝ የጠየቀቻቸው ሌላ ነው። ነገ በወረዳው ስብሰባ ላይ መንደሩን ወክላ ትናገራለች። ወንዙ ድልድይ ስለሌለው ምጥ የያዛትን እህቷን ማሻገር አቅቷቸው፣ ጤና ጣቢያው ማዶ እየታየ፣ ቃሬዛው ላይ ሞታባቸዋለች። «በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆሜ እንዴት ብናገር ነው የሚሰሙኝ?» ብላ ያዘጋጀችውን ንግግር ከዳር እስከ ዳር አሰማቻቸው። እሳቸው ስለ ንግግሩ ምንም ሳይሉ የገዳዩን ነገር ጀመሩላት።

ሰውየው ገበሬ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ገደለ። ውሃ ባነሰበት ወራት፣ የመስኖው ተራ የኔ ነው የለም የኔ ነው ሲባባሉ ከጎረቤቱ ጋር ተያያዙ። ገበሬው ዱላውን ሰነዘረ። አንዴ ነው የመታው፤ ጎረቤቱ ቦዩ ውስጥ ወደቀ። ወዲያው ቁጣው ከላዩ ላይ ጥሎት ጠፋ። ጎትቶ አወጣውና ራሱን ጭኑ ላይ አድርጎ «አይዞህ፣ አይዞህ ወንድሜ» ይለው ጀመር። ጎረቤቱ «እማዬ» እያለ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ እንደያዘው ሞተ። ዓይኑን ከደነለት። ከዚያ ፍርሃት መጣና ሮጠ።

ሬሳውን ያገኙት ሰዎች ሜዳ ላይ ብቻውን ነው ያገኙት። ስለዚህ የሟች እናት ያገኘችውን ሰው ሁሉ ይህንኑ ትጠይቅ ነበር፤ «ልጄ ብቻውን ነው የሞተው? ሲጣራ የደረሰለት አልነበረም?» ማን ይመልስላት? ጥያቄዋ ከገበያ ገበያ ዞሮ እስር ቤት ድረስ ደረሰ። ገበሬው ተይዞ እዚያ ታስሮ ነበርና ሰማው። ሰምቶም እንቅልፍ አጣ፤ መልሱ ያለው እሱ ጋ ብቻ ነውና።

እስሩን ጨርሶ ሲወጣ ደሙ ገና አልደረቀም። ሟቹ ታናሽ ወንድም ነበረው፤ ጢሙ እያቀመቀመ፣ ከበር ላይ ተቀምጦ ጠመንጃ ይወለውላል። ሽማግሌዎች ለእርቅ እናቲቱ ዘንድ ተመላለሱ። በመጨረሻ «እሺ፣ እሰማለሁ» አለች። እምራለሁ አላለችም።

በዚያ አገር ልማድ፣ ገዳይ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ ከሟች ወገን ፊት አጎንብሶ ይቆማል። እሱ ቃል አይተነፍስም፣ እርቁ እስኪያልቅም ለሟች ወገን መልእክት አይልክም፤ ከተናገረ ድፍረት ነው። የሚናገርለት ሌላ ሰው ነው። የሟች እናት በእጇ ድንጋዩን ስታወርድለት፣ ያኔ ደሙ ደረቀ ይባላል።

ገበሬው ተናጋሪ ፈለገ። በአካባቢው አንደበቱ የተባ አንድ ሰው ነበር፤ ሰርግም ሆነ ለቅሶ እሱ ካልተናገረበት ወጥ ያለ ጨው ይመስላል። ገበሬው ቤቱ ሄዶ ተለማመጠው።

«ልጅሽ ብቻውን አልሞተም በልልኝ ጋሼ። ጭኔ ላይ ነው የሞተው፣ እማዬ እያለ። ዓይኑን የከደንኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ይህን በላት።»

ተናጋሪው ሳቀበት። «ምን ነካህ አንተ! እንዲህ ያለ ቃል መጀመሪያ ይባላል? ሰዉን አሙቄ፣ ልቡን አለስልሼ፣ መጨረሻ ላይ ነው የምጥለው። ያኔ ደረቷን እየደቃች ትነሳልሃለች።»

«እሷ ግን ሌላ ነገር አትጠብቅም እኮ ጋሼ።»

«አንተ ድንጋዩን ተሸከም፤ ንግግሩን ለኔ ተወው።»

ቀኑ ደረሰ። ዋርካው ስር ሰው ሞላ። እርቁ የማይመለከተው ሁሉ ተናጋሪውን ልስማ ብሎ መጥቷል። ገበሬው አጎነበሰ፣ ድንጋዩን ጫኑበት። ከዚያ በኋላ ያየው መሬት ብቻ ነው፤ ጉንዳኖች፣ የራሱ ላብ ጠብ ጠብ ያለበት አፈር፣ ከፊቱ ደግሞ የእናቲቱ እግሮች። ተረከዛቸው የተሰነጣጠቀ፣ የጥቁር ቀሚስ ጫፍ የወረደባቸው። ፊቷን ማየት ስላልተፈቀደለት ልቧን ከእግሮቿ ሊያውቅ ሞከረ።

ተናጋሪው ከቃየንና ከአቤል ጀመረ። እግሮቿ ወደፊት ተሳቡ፤ ልትሰማ ያዘነበለች ሰው እግር ነው። ገበሬው «አሁን ይላታል» አለ በልቡ። ተናጋሪው ግን ከአቤል ወደ አባቶች ዘመን ተሻገረ፤ ከዚያ ስለ ጉርብትና፣ ከዚያ ስለ ሰላም። ድምፁ ሲያምር! እጁን ሲያነሳ ሰዉ ጸጥ ይላል፣ ሲያወርድ «ይበል! ይበል!» ይላል። እሱም ፊቱን ይበል ወደሚሉት አዞረ። መሀል ላይ አንድ ቀልድ ጣል ቢያደርግ ዋርካው ስር ሳቅ ሆነ። እግሮቿ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ ጣቶቿ አፈሩን ጨበጡ።

«ስለ ልጄ መቼ ነው የምትነግረኝ?» አለች፤ ቀስ ብላ። ከገበሬው በቀር የሰማት የለም።

«ጋሼ፣ አሁን ንገራት» አለ ገበሬው ከድንጋዩ ስር።

አጠገቡ የቆመው ዘመዱ ጎሸመው። «ዝም በል! ልታበላሸው ነው?»

ትንሽ ቆየና እግሮቹ ተነሱ። ዞሩ። ገበሬው ልማዱንም፣ መናገሩ ድፍረት መሆኑንም ረስቶ «እናቴ! ጭኔ ላይ ነው የሞተው! ብቻውን አይደለም!» ብሎ ጮኸ። ግን በዚያችው ቅጽበት ተናጋሪው አንድ ያማረ ቃል አሳርፎ ኖሮ፣ ሰዉ በአንድ ድምፅ «ይበል!» አለ። ጩኸቱ እዚያ ውስጥ ሰጠመ። ቀና ሲል የእናቲቱን ጀርባ አየ፤ ታናሹ ልጇ ጠመንጃውን አንግቶ ይከተላታል።

ድንጋዩን ያነሱለት የራሱ ዘመዶች ናቸው። እንዲህ ሲነሳ ወረደ አይባልም።

«ልበ ደንዳና ናት» አለ ተናጋሪው ግንባሩን እየጠረገ። «ዋናው ነገር እኮ ገና ነበር።» ሰዉም ወደ ቤቱ ሲመለስ «አቤት ንግግር! ንግግር ማለት እንዲህ ነው» ይባባል ነበር።

ክረምቱ ሳይገባ ገበሬው ቦዩ ዳር በጥይት ተመትቶ ተገኘ። ብቻውን ነበር። የሟቹ ወንድም በረሃ ገባ። በቀብሩ ላይ ያ ተናጋሪ ተነሳና «ወገኖቼ፣ ይህ ሰው የገደለውን እንኳ ጭኑ ላይ አቅፎ፣ ዓይኑን ከድኖ የሸኘ ሰው ነበር» አለ። ለቀስተኛው ተላቀሰ። ወሬው በማግስቱ ምንጭ ዳር ለእናቲቱ ደረሳት። እንስራዋን አስቀምጣ መሬት ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። «እንዲህ ነበር እንዴ?» ብቻ አለች። ሲመሽ ሴቶች መጥተው ደግፈው አነሷት፤ እንስራው ባዶውን እዚያው ቀረ።

እማሆይ ታሪኩን ጨረሱ። ከዚያ ወደ ስመኝ ዞሩ።

«ንግግርሽ ያምራል ልጄ። እንግዶቹን አመሰገንሽ፣ ስለ ወንዙ ድሮ አወራሽ፣ ስለ ልማት አልሽ። እህትሽን ለመጨረሻ አስቀመጥሻት፤ እንዲያለቅሱልሽ። ተናጋሪው ማለት አንቺ ነሽ። እናቲቱ ማለት እዚያ የሚቀመጡት ሰዎች ናቸው፤ አንድ ነገር ሊሰሙ ይመጣሉ፣ ካላገኙት ይነሳሉ። ድንጋዩ ግን ያለው ባንቺ ላይ አይደለም። ዘንድሮ ሆዳቸው ገፍቶ ወንዙን የሚያዩት ሴቶች ማጅራት ላይ ነው። እነሱ ደግሞ እዚያ አይናገሩም።»

«መጀመሪያ ብነግራቸውስ ይሰሙኛል እማሆይ?»

«እንጃ። እኔ ብዙ ስብሰባ አይቻለሁ፣ ድልድይ ግን አላየሁም። ላይሰሙሽ ይችላሉ፤ አልዋሽሽም። ብቻ ስትቆሚ መጀመሪያ ስሟን ጥሪላቸው፤ ማዶው እየታያት ሞተች በያቸው። ያኔ እምቢ ቢሉ ሰምተው ነው እምቢ ያሉት። ሳይነገራቸው ሄዱ ከምንል እሱ ይሻላል። ከዚህ ሌላ የማስተምርሽ የለኝም።»