ያልተፈተሸው አበልጅ

አንድ ሰው የልብስ ስፌት ፋብሪካ በር ላይ ዘበኛ ነበረ። ሥራው መፈተሽ ነው። የገባውን ሁሉ ኪሱን ይዳብሳል፣ የምሳ ዕቃውን ያስከፍታል። ለቄስ እንኳ አይመለስም ነበር።

ይህ ሰው ስንሻው የሚባል አበልጅ ነበረው፤ የመጨረሻ ልጁን ክርስትና ያነሳለት። ስንሻው እዚያው ፋብሪካ ሲሠራ ሴቶቹን እየጎነተለ አስቸገረ፤ የፈረቃ ኃላፊዋ ወይዘሮ ውድነሽ አስባረረችው።

በማግሥቱ ስንሻው ዘበኛው ቤት መጣ። ጠላ ቢቀርብለት አልነካውም።

«ያቺን ሴት ሳልገላት አልቀርም» አለ።

«ኧረ ተው አበልጄ፣ ንዴት ነው።»

«ንዴት አይደለም። የምትቀመጥበትን አውቃለሁ።»

የዘበኛው ሚስት ጓዳ ሆና ሰማች። እንግዳው ሲወጣ «ሂድና ለሴትዮዋ ንገራት» አለችው።

«አበልጄን ላሳስር? ሰው ምን ይለኛል?»

«እሷ ብትሞትስ ምን ይልሃል?»

«አፍሽን ዝጊ!»

ዘጋች። እግር እያላት እሷም አልሄደችም።

ሦስት ቀን ሙሉ ስንሻው ከፋብሪካው ፊት ለፊት ሱቅ ጥግ ተገትሮ ዋለ። ዘበኛው አየው። በአራተኛው ቀን፣ አናት በሚበሳ ፀሐይ፣ ካፖርት ደርቦ መጣ። ቀኝ እጁን ከካፖርቱ ውስጥ አላወጣም። ሰላም ቢሉት አልመለሰም፤ የክርስትና ልጁን እንኳ አልጠየቀም።

«ውስጥ የቀረ ልብስ አለኝ፣ ልውሰድ» አለ።

የዘበኛው እጅ ወደ ካፖርቱ ተነሳ። ተነሳና ተመለሰ። አበልጁን እንደ ሌባ ሊዳብስ? አፈረ።

«ግባ፣ አበልጄ።»

ከኋላው የመጣችውን ልጅ ግን የምሳ ዕቃዋን አስከፈታት። ሽሮ ነበር። ሽሮውን እየመረመረ ሳለ ከውስጥ ጩኸት ተሰማ። ካፖርቱ የደበቀው ገጀራ ነበር።

ወይዘሮ ውድነሽ አልሞተችም። ቀኝ እጇ ግን ከክርኗ በታች የለም። ዘበኛው ብርቱካን ይዞ ሆስፒታል ሊጠይቃት ሄደ።

«እንደሚመጣብኝ ታውቅ ነበር?» አለችው።

ብርቱካኑን አልጋዋ አጠገብ አስቀመጠ።

«ታውቅ ነበር?»

«አበልጄ ነው፣ እትዬ።»

«እኔስ? እኔ ሰው አይደለሁም?»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እናንተስ? አታቀርቅሩ፣ ቀና በሉ! ዘበኛውን ረገማችሁት፣ አይደል? በየሥራ ቦታችሁ የሚዝት ሰው አታውቁም? ልጅቷን እስከ ታክሲ የሚከተላት፣ ተባርሮ በሩ ላይ የሚያደባ፣ ጠባዩ በአንድ ሳምንት የተለወጠ? አይታችኋል። ለማን ነገራችሁ? ለጎረቤት፣ በሹክሹክታ! ለሴትዮዋ ነገራችኋት? ለአለቃዋ? ለፖሊስ? አልነገራችሁም። ይሉኝታ ነው ትላላችሁ። ፍርሃት ነው! ነጠላ ስላለበሳችሁት ጨዋነት አይሆንም።

ይኸው አሁን የአንድ ሰው ስም በልባችሁ መጣ። አትካዱ፣ መጥቷል። የሚዝትባትንም ታውቋታላችሁ። ዛሬ ቤታችሁ ከመግባታችሁ በፊት ሄዳችሁ በሯን አንኳኩ፤ ተነስታ የምትከፍትላችሁ እያለች።