ጊታሩና የጨው ከረጢቱ

አንዲት ጠንቃቃ ሴት ነበረች። ጥያቄሽን ረስቼ አይደለም አስካለ፤ «እናቴን ከገጠር አምጥቼ፣ ምንም ሳላጎድልባት ለምን እየመነመነች ትሄዳለች?» ነው ያልሽኝ። መጀመሪያ ይችን ሴት ስሚኝ፣ ወደዚያ በኋላ እንመለሳለን።

የሴትዮዋ ጥንቃቄ ለብቻው ነው። የታጠበ ብርጭቆ ደግማ የምታጥብ፣ እንግዳ ገብቶ ከወጣ ወንበሩን የምታራግፍ ዓይነት ናት። ጊታር መቺ ወንድም አላት። ታዲያ ይህ ወንድሟ በከተማው ሥራ ሲጠፋ ጊዜ ቆላ ወርዶ ሰሊጥ እርሻ ላይ ሊሠራ ተነሣና ጊታሩን ከነሳጥኑ አምጥቶ አስረከባት። «ስመለስ እንጀራዬ እሱ ነው፤ አደራሽን» አላት። ሌላ ምንም አላለም። እንዴት እንደሚቀመጥ አልነገራትም፣ እሷም አልጠየቀችም። አደራ ከተባለ ወዲያ ምን ይጠየቃል።

እሷ የምታውቀው የእንጨት ጠላት ውሃ መሆኑን ነው። ባለፈው ክረምት የእናቷን ጥልፍ ቀሚስ ሻጋታ በልቶባታል፤ የአልጋዋም እግር አብጦ ነበር። ስለዚህ ሳጥኑን ከመሬት አርቃ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር አወጣችው። ጨው እርጥበት እንደሚስብ ክረምት በመጣ ቁጥር ስታይ ኖራለችና፣ በጨርቅ ከረጢት ጨው ቋጥራ ከጊታሩ ጎን አስተኛችለት። ፀሐይ የጠና ቀን ደግሞ አውጥታ እንደ ፍራሽ ታሰጣዋለች። የሳጥኑን ቁልፍ በክር አድርጋ አንገቷ ላይ አሰረችው።

ክረምቱ በሰላም አለፈ። በጋው ገባ፣ ደረቁ ነፋስም ተነሣ። አንድ ቀን ቁጭ ብላ ሽንኩርት ስትልጥ፣ ከቁም ሳጥኑ አናት «ቋ» የሚል ድምፅ ሰማች። አወረደችው፣ ከፈተችው። የጊታሩ ደረት ከክሮቹ ማሰሪያ ጀምሮ እስከ ጠርዙ ተሰንጥቋል። አንገቱን ስትዳብስ ደግሞ፣ ድሮ ልሙጥ የነበረው ጠርዝ እሾህ ያበቀለ ይመስል ጣቷን ወጋት፤ አንገቱ ላይ የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች ጫፋቸው ወደ ውጭ ወጥቷል።

ግራ ገባት። ብረት ያድጋል እንዴ? ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው፣ ሳጥኑ አልተሰበረም፣ በሩን ማንም አልከፈተውም። ታዲያ ማን መታው? አሰበች አሰበችና ዓይኗ ግቢው ውስጥ የሚኖረው ተከራይ ላይ አረፈ። ሰውየው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ጠዋት ጠዋት እያፏጨ ነው ፊቱን የሚታጠብ። የሚያፏጭ ሰው ደግሞ ጊታር ሲያይ እጁን አይበላውም ትያለሽ? ሰላምታ ነፈገችው። እሱ ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ከወገቡ ዝቅ እያለ እጅ ይነሳል፣ እሷ ፊቷን ታዞራለች። የቤቷንም በር ቁልፍ አስለወጠች። ጨው ጨመረች። ስንጥቁን ግን ባየችው ቁጥር ረዝሞ ታገኘዋለች። እሷ በጠበቀችው መጠን እሱ እየባሰበት ሄደ፤ ወንድሟን በምን ዓይኗ እንደምታየው ስታስብ እህል አልወርድ አላት።

በመጨረሻ ወንድሟ መጣ። ሠርግ ላይ ሊጫወት ተነጋግሮ ነው የመጣው። ገና ሳጥኑን ሳይከፍተው «እኔ ምንም አላደረግሁትም፤ ያደረገውን ግን አውቀዋለሁ» አለችና አገጯን ወደ ተከራዩ በር ቀሰረች።

ወንድምየው ከፍቶ አየው። ከረጢቱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ምንድን ነው ይሄ አላት።

«ጨው ነው። እርጥበቱን እንዲጠጣለት ብዬ።»

«እንጨቱን ነዋ የጠጣው» አላት።

እንጨት ተቆርጦ፣ ተልጎ፣ ዕቃ ከሆነም በኋላ ትንሽ እርጥበት በውስጡ እንደሚይዝ፣ እሱን በጨው፣ በፀሐይና በቆርቆሮ ትኩሳት ሲያጣ እንደሚኮማተር አስረዳት። አንገቱ ኩምትር ብሎ ነው እንጂ ብረቱ አላደገም አላት። አንዱም አልገባትም። የባሰ ግራ ያጋባት ደግሞ ቀጥሎ ያደረገው ነው። የሳሙና ማስቀመጫዋን አንሥቶ ክዳኑን በጋለ ሚስማር እየወጋ ቀዳዳ በቀዳዳ አደረገው። ስፖንጅ ውሃ ውስጥ ነከረና አንዲት ጠብታ እስከማይወርደው ድረስ ጨመቀው። ማስቀመጫው ውስጥ ከትቶ ከጊታሩ ራስ ሥር፣ እንጨቱን ሳያስነካ አኖረው። ሳጥኑን ዘጋና ከቆርቆሮው ሥር አውርዶ አልጋ ሥር አገባው። ለጊታር ውሃ? የቆላ ፀሐይ አናቱን መትቶታል ብላ ልትነጥቀው ምንም አልቀራት።

ስፖንጁን አልፎ አልፎ እንድታየው አዘዛት። ስትከፍት ደርቆ ኩበት መስሎ ታገኘዋለች። ውሃ አልፈሰሰ፣ ሳጥኑ አልራሰ፤ ማን ጠጣው? እየነከረች እየጨመቀች መለሰችው። ውሎ አድሮ አንገቱን ስትዳብስ እሾሁ የለም። ስንጥቁም ከንፈሩን ገጠመ። ወንድሟ በሙጫ አጣብቆ ሠርጉ ላይ ተጫወተበት፤ ጠባሳው ግን እስከ ዛሬ አለ።

ኋላ፣ ወንድሟ ጊታሩን እሷ ዘንድ ትቶ ሥራ በወጣበት፣ ራቅ ያለ አገር ለቅሶ ልትደርስ ስትነሣ የሳጥኑን ቁልፍ ከአንገቷ ፈትታ፣ ከቤቷ ቁልፍ ጋር ይዛ ተከራዩ በር ላይ ቆመች። ይቅርታ ማለቱ አልሆነላትም። «ስፖንጁ እንዳይደርቅ እይልኝ» አለችና ቁልፎቹን እጁ ላይ አኖረችለት።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ አስካለ። እናትሽን ንጹሕ ክፍል ሰጠሻት። ብርድ እንዳይመታት መስኮቱን ዘጋሽላት። ምስር እንኳ ልልቀም ስትል «ይደክምሻል» ብለሽ ከእጇ ቀማሻት። ደግ አደረግሽ፤ ይህን የሚያማ የለም። ግን ባለፈው ልጠይቃት ስመጣ «ተኝታለች» ብለሽ ከበር መለስሽኝ። አልተኛችም ነበር። ድምፄን ስትሰማ ጉሮሮዋን ጠርጋለች፤ ጆሮዬን መቼም ታውቂዋለሽ። ያቺ ሴት አገሯ ላይ ከውሃ ወራጁ ጋር ስትከራከር፣ የጎረቤት ፍየል ስትረግም የኖረች ናት። አንቺ ሳታውቂው ያንን ሁሉ እንደ ጨው ከረጢቱ መጠጥሽባት። ሳጥን አላነሳትም፣ እርጥበት ነው ያነሳት። ግቢውን ሁሉ ጎትተሽ አምጪባት አልወጣኝም፤ ጎርፍም እንጨት ያበላሻል። የተጨመቀ ስፖንጅ ያህል ይበቃታል፤ አንድ ሰው፣ ትንሽ ወሬ፣ ያልተለቀመ ምስር።

ወሬው እኔ ዘንድ እንደማይጠፋ አንቺው ራስሽ ስታሚኝ የምትይው ነው። ነገ ምስሬን ይዤ እመጣለሁ። በሩን ግን አንቺ እንዳትከፍቺልኝ፤ ለእሷ ተዪላት።